ኮባ ያልነካው ዳቦ

ልጅ ሳለሁ የተረት ሰዓታችን የሚለካው በእናቴ ሊጥ ነበር። ሊጡ ሳፋ ውስጥ ነጠላ ተከናንቦ ኩፍ እስኪል አንድ ተረት፣ እሳት ውስጥ ገብቶ እስኪበስል ደግሞ ሌላ ተረት ይነገረን ነበር። ያኔ ቤታችን ውስጥ አንድም የሚሠራ ሰዓት አልነበረም፤ ተረቱ ሲያልቅ ዳቦው ይደርሳል፣ ወይም ዳቦው ሲደርስ ተረቱ ያልቃል፤ የትኛው የትኛውን ይጠብቅ እንደነበር ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

ተረት ነጋሪያችን አባባ ወልዴ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸውን የባቡር ሐዲድ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ልጅም ሚስትም የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከእኛ አጥር ማዶ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ይኖሩ ነበር። ክፍሏን እትዬ ዘነበች በነጻ ሰጥታቸዋለች፣ ምሳና እራታቸውም ከእሷ ማዕድ ነው። ሰፈሩ በዚህ ያመሰግናታል፤ እሷም መመስገኗን አሳምራ ታውቃለች። እትዬ ዘነበችን «እሳቸው» ማለት ካቆምኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አባባ ወልዴን ግን ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፤ አክብሬያቸው አይደለም፣ አፌ ለምዶ ነው።

የምንኖረው ቃሊቲ ነው፣ የጭነት መኪና በር ላይ በሚያልፍበት፣ ግድግዳው ሲርገበገብ ብርጭቆው በሚንቃጨልበት ሰፈር። አባቴ በያጅ ነበር። እናቴ ዳቦ ስትጋግር ጭሱ ዓይኗን ሲያጠፋው አይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ያረጀ በርሜል እየገፋ መጣ። በርሜሉን በጎኑ አስተኛው፤ ከፊቱ በማጠፊያ የሚዘጋ በር ሠራለት፤ ውስጡ የብረት መደርደሪያ በየደ፤ ከታች ከሰል የሚገባበት፣ ከላይ ፍም የሚደፋበት አበጀለት። በመጨረሻም ከላሜራ አራት ማዕዘን መጋገሪያ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ማዕዘኖቹን በይዶ ለእናቴ ሰጣት። ያን ቀን እንዴት እንደቆመ አስታውሳለሁ፤ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮባ ፍለጋ ገበያ ለገበያ መንከራተት ቀረልሽ» አላት። እናቴ በሩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረገች ሳቀች። «የባንክ ካዝና ነው እንዴ የሠራህልኝ?» አለችው።

አባቴ «ኮባ» ያላትን ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ የታሪኩ ሁሉ መዘዝ እሱ ነውና። ድፎ ዳቦ በባህሉ ክብ ነው፤ ሊጡ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ይነድበታል። ሲወጣ ቅጠሉ ይላጣል፣ ነገር ግን የቅጠሉ ጅማት በዳቦው ሆድ ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ መስመሮች። የእናቴ የበርሜል ዳቦ ግን ጅማት አልነበረውም። ሆዱ ልሙጥ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር። ለእኛ ለልጆች ይህ እንደ ተአምር ነበር። ክብ ዳቦ ጥግ የለውም፣ የእኛ ግን አራት ጥግ አለው፤ ጥጉ ደግሞ ሲነከስ ከሽ ይላል።

ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ መብራት የማይጠፋበት ማታ ጥቂት ነበር፣ የሰፈር ልጆች በሙሉ ጓሯችን በርሜሉ ዙሪያ እንሰበሰብ ነበር። ሙቀቱ ይጠራናል፣ ሽታው ይጠራናል። እናቴ ኩራዙን መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አባባ ወልዴ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ በበርሜሉ አናት ላይ ያለው ፍም ነፋስ በመጣ ቁጥር እየቀላ የሽማግሌውን ጉንጭ ያበራው ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ተረቱን አይቸኩሉበትም። ዳቦው ገና ከሆነ እንስሳቱን ወንዝ ያሻግሯቸዋል፣ ተራራ ያስወጧቸዋል፤ እናቴ ከጓዳ ሆና «ደርሷል አባባ!» ካለች ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ፍርድ አሰጥተው፣ ጥፋተኛውን ቀጥተው ይጨርሳሉ። ከዚያም «ተረቴን መልሱ» ይላሉ፣ እኛም «አፌን በዳቦ አብሱ!» ብለን እንጮሃለን። በሌላው ቤት ይህ አባባል ብቻ ነው። በእኛ ቤት ግን እናቴ የመጀመሪያውን ጥግ ትቆርስና፣ ትኩስ እንዳለ፣ በሁለት እጇ ለአባባ ወልዴ ትሰጣቸው ነበር።

ከሁሉም የምንወደው የቁራውን ተረት ነው። ጦጣ የገበሬውን ጎተራ ትዘርፍና ገብሱን ከበላች በኋላ እብቁን በተኛችው ዔሊ አፍ ላይ ትነሰንሳለች። እንስሳቱ ተሰብስበው ዔሊን ሊቀጡ ይነሳሉ። ቁራ ከዛፍ ላይ ሆኖ ሁሉን አይቷል፤ ችግሩ ጎጆው ያለው ጦጣ በምታዝበት ዛፍ ላይ ነው። ቢናገር ጎጆው ይፈርሳል። አባባ ወልዴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ አንድ በአንድ ዓይናችንን ያዩናል፤ ከዚያ «ቁራ ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ጓሮው እስኪናወጥ «ያየሁትን አይቻለሁ አለ!» እንላለን። ዔሊ ነጻ ትወጣለች፣ ቁራም ጎጆውን ያጣል። እኔ በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣ ነበር፤ ለቁራው አዝኜ ሳይሆን እንደ እሱ መሆን አምሮኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና አምኛቸው ነበር።

እናቴ የአቦ ማኅበርተኛ ነበረች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የሰፈሩ አሥራ ሁለት አባላት በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለ ተራዋ ዳቦና ጠላ ታቀርባለች። ማኅበሩን የሚመሩት፣ ሙሴ የሚባሉት፣ አባባ ወልዴ ነበሩ። ደንቡ ብዙ አይደለም፤ አንዱን ግን ሁሉም አጥብቆ ይይዘው ነበር፦ ለጻድቁ ዝክር የሚቀርብ ዳቦ እቤት ይጋገራል እንጂ ከዳቦ ቤት አይገዛም። ገዝታ ያቀረበች ሴት ጻድቁንም ማኅበሩንም አታልላለች ማለት ነው። ያኔ ለአንዲት የቤት እመቤት ከዚህ የከፋ ስም አልነበረም፤ ሰነፍ ከመባል አልፎ አታላይ መባል ነው።

በርሜሉ ከተሠራ በኋላ የእናቴ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰ ዕለት ዋዜማ፣ ጓሯችን እንደ ሁልጊዜው ሞላ። እናቴ ከሰዓት ጀምራ ስታቦካ ነበር የዋለችው፤ ጥቁር አዝሙዱ ሽታው እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። የማኅበሩ ዳቦ ሳይባረክ ስለማይቆረስ ከዚያው ሊጥ ቆንጥራ ትንሽ ዳቦ በጎን ጋገረችልን። አባባ ወልዴ የቁራውን ተረት ነገሩን። ትልቁ ዳቦ ከበርሜሉ ሲወጣ መጋገሪያውን በጨርቅ ይዘው ያገዟት ራሳቸው ነበሩ። «ወርቅ ነው የመሰለው፣ የሺ» አሏት። ትንሹ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጥጉንም እሳቸው በሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ፍርፋሪው ጢማቸው ላይ ቀርቶ እንደነበር እንኳ አልረሳሁም።

በማግስቱ ከሰዓት ማኅበርተኞቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። ጠላው ተቀድቷል፣ ዳቦው ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሀል ተቀምጧል፣ ቄሱ ግን ዘግይተዋል። እትዬ ዘነበች በሰፈሩ የድፎ ንግሥት ነበረች፤ ማንም ሲጋግር ከእሷ ድፎ ጋር ይነጻጸራል። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ዳቦውን አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ አንስታ ገለበጠችው።

«የሺ» አለች፣ «ኮባው የታለ?»

«ኮባ አልተጠቀምኩም እትዬ። ባለቤቴ በሠራልኝ ምድጃ ነው የጋገርኩት።»

«ምድጃ!» ብላ ዙሪያውን አየች። «ይሄ ማዕዘኑ በመቀስ የተከረከመ ዳቦ ከምድጃ ነው የወጣው? እዚህ ታች መንገድ ዳር በየቀኑ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ የማየው እኮ ነው!»

ከጥግ አንዷ፣ «ዋጋውን ብቻ ነው ያልለጠፉበት» አለች። ሳቅ ሆነ። እናቴም መጀመሪያ ቀልድ መስሏት አብራ ሳቀች፤ ያ ሳቋ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል።

«ምድጃው ጓሮ ነው፣ ይምጡና ይዩት» አለች።

«ምድጃ መኖሩ መጋገርሽን አይመሰክርም። ዛሬ ጠዋት ፌስታል አንጠልጥለሽ ከታች ስትመጪ በዓይኔ በብረቱ አላየሁሽም?»

«ጧፍ ነው የገዛሁት!»

«ጧፍ» አለች እትዬ ዘነበች፣ ቃሉን እንደ ጎምዛዛ ነገር አላምጣ። «ለጻድቁ ዝክር የዳቦ ቤት ዳቦ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ውሸት።»

ያኔ አላስቻለኝም። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዘልዬ መሀል ገባሁ። «እዚህ ነው የተጋገረው! አባባ ወልዴ ነበሩ! ራሳቸው ናቸው ከእሳት ያወጡት! ይጠይቋቸው!» አልኩ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እናቴም ዞረች፤ ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ፣ ነገሩ አለቀ ብላለች። እኔም የማውቀውን ድምፅ ጠበቅሁ። በዚያች ደቂቃ ልክ እንደ ማታው ዓይናችንን አንድ በአንድ የሚያዩን መሰለኝ።

እሳቸው ግን ያዩት እትዬ ዘነበችን ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው፣

«ልጅ እናቱን ይወዳል» አሉ።

ይኸው ነው። ሦስት ቃል። ውሸት ተናገሩ ልል አልችልም፤ ልጅ እናቱን ይወዳል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፣ አንዷ ጭንቅላቴን ዳሰሰችኝ። እናቴን በሦስት ቃል ቀበሯት፣ ለእኔ ደግሞ አዘኑልኝ።

ቀጥለው እንደ ሙሴነታቸው ፈረዱ። ለማኅበሩ ሰላም ሲባል የሺ ይቅርታ ትጠይቅ፣ በሚመጣው ወርም በኮባ ጋግራ ትድገም። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ያልሰረቅሁትን ነው የምመልሰው?» አለች። ማኅበርተኞቹ ጠላውን ጨልጠው፣ ዳቦውን ሳይነኩ ወጡ። ቄሱ ሲደርሱ ቤቱ ባዶ ነበር።

አባቴ አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲገባ ዳቦው እዚያው መሀል ወለል ላይ ነበር። ነገሩን ሲሰማ አልተቀመጠም። ቆሞ ዳቦውን ገምሶ መብላት ጀመረ፤ በትላልቁ እየጎረሰ፣ ሳያጣጥም፣ በንዴት። «ማዕዘኑን እኔ ነኝ የበየድኩት» እያለ ይበላል። «መቀስ! በእጄ ነው የበየድኩት!» ከዚያ ወደ በሩ ሲያመራ እናቴ ክንዱን ያዘችው።

«ሄደህ ምን ትላለህ?»

«እውነቱን እነግራታለኋ!»

«እውነቱን የሚያውቅ ሰው እዚያው ግቢዋ ውስጥ ተኝቷል» አለችው። «እሱ ያልነገራትን አንተ ብትነግራት ምን ይሆናል?»

ከአምስት ወይም ከስድስት ቀን በኋላ አባባ ወልዴ በጓሮው በር ብቅ አሉ። መብራት ጠፍቷል፣ ልጆች ተሰብስበዋል፣ በርሜሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር። የለስላሳ ሳጥናቸውን ገልብጠው ተቀመጡና «እስቲ ዛሬ አንድ አዲስ ተረት ልንገራችሁ» አሉ። እናቴ ኩራዙን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አባባ፣ ለልጆቹ አይንገሩ» አለች። «ለማኅበሩ ይንገሩ።»

«የሺ ልጄ...»

«ተረት አይደለም የምለምንዎት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲጋገር ነበርኩ ይበሉ፤ በቃ።»

ሽማግሌው እጃቸውን እያፋተጉ መሬት መሬት አዩ። «ማኅበር ይፈርሳል፣ ልጄ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትችይዋለሽ። እሷን ባሳፍራት እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት እወድቃለሁ?»

«እኔስ?» አለች እናቴ። «እኔን የት ጣሉኝ?»

አባባ ወልዴ ተነሥተው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ጓሯችን አልተመለሱም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱ እናቴ ቀብራቸው ሄደች፣ እኔ ግን አልጋ ስር ገብቼ አልወጣም አልኩ። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ፣ የተማሩትም ያልተማሩትም፣ «ታዲያ ሽማግሌው የት ይሂዱ?» ይሉኛል። ሁሉም ለጠባቧ ክፍል ይጨነቃል። ለእናቴ የተጨነቀ አንድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እውነት መናገር ጎጆ እንደሚያስከፍል እኮ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ! ዋጋውን ሳያውቁ አይደለም፣ አውቀው ነው ለእናቴ ያስከፈሉት።

እናቴ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ማኅበሩም ተራዋን ለሌላ ሰጠ። ያደረገችው ነገር ግን ሰፈሩን ሁሉ አስደነገጠ፤ መጋገር አቆመች። ጨርሶ። በርሜሉን አንድ ጠዋት ለቆራሌው ሰጠችው፤ ቆራሌው እያንኳኳ ሲወስደው አባቴ ሥራ ነበር፣ ማታ ሲመጣ ያገኘው ባዶውን ቦታ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ የሚገዛው እኔ ሆንኩ፤ በየጠዋቱ፣ ከዚያው መስታወት። «ፌስታሉን አትቋጥረው» ትለኝ ነበር። «ክፍት አድርገህ ያዘው። በእትዬ ዘነበች በር በኩል ና። ይዩት።» በዚያ በኩል መንገዱ ይረዝም ነበር፣ ግን ታዘዝኳት። ገዛሽ ያሏትን ሴት፣ ገዢ አደረጓት። በውሸት የሰጧትን ስም በገዛ እጇ እውነት አድርጋ መለሰችላቸው፤ በዚህ መሀል ግን እኛ ልጆቿ ያን ከሽ የሚል ጥግ፣ ያን የጥቁር አዝሙድ ሽታ ዳግመኛ አላገኘነውም። ለዓመታት የበላነው ጠዋት ለስላሳ፣ ማታ ድርቆሽ የሚሆን፣ የማንም እጅ የማይታወስበት ዳቦ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምግብ ምህንድስና ተማርኩ። ዛሬ የምሠራው አንድ ዳቦ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው፤ በቀን ስንት ሺህ ዳቦ በፊቴ በማሽን ሲያልፍ አያለሁ፣ ሊጡ እንዳይደርቅ ምን እንደሚጨመርበት፣ ቶሎ ኩፍ እንዲል ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። የተገዛ ዳቦን አልጠላም፤ እንጀራዬ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አስተማሪያችን ብረት ሙቀትን ለምን በእኩል እንደሚያደርስ፣ በብረት የተጋገረ ዳቦ ለምን ሆዱ ልሙጥ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት እንደሚሆን ሲያስረዳ፣ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ጥርሴን ነከስኩ። አባቴ በያጁ ያለ ትምህርት የሚያውቀውን ነገር እኔ በዲግሪ አረጋገጥኩት። ለማን ላሳየው? የሚሰማው ፍርድ ቤት ቤታችን ወለል ላይ ተሰብስቦ፣ ጠላውን ጠጥቶ ከተበተነ ስንት ዘመኑ!

ባለፈው ዓመት የእትዬ ዘነበች ልጅ አልማዝ ከሁለት ሴቶች ጋር እናቴን ልትጠይቅ መጣች። እናቷም አባቴም ካረፉ ቆይተዋል፤ ማኅበሩን አሁን የምትመራው እሷ ናት። አባላቱ ስለሳሱ የድሮዎቹን እየዞሩ ይመልሳሉ።

«እማማ የሺ፣ ይመለሱልን» አለች። «ድካም የለውም አሁን። ዳቦውን እናዛለን፣ በካርቶን ሆኖ እስከ በር ይመጣል። ዛሬ ማን ይጋግራል ብለው ነው!»

«ደንቡስ?» አለች እናቴ።

«ውይ፣ የትኛው ደንብ? እሱማ ድሮ ቀረ።»

እናቴ ግን፣ «ያኔ ያቀረብኩትን ዳቦ እኔ ነበርኩ የጋገርኩት» አለች።

አልማዝ ከት ብላ ሳቀች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። «እማማዬ፣ እስካሁን አልረሱትም? ቢገዙትስ ምን ነበረበት!»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ እናቴ ግን በዓይኗ መለሰችኝ። ቢገዙትስ! የእናቴን ስም ያጎደፈው ክስ አልተሰረዘም፤ ክሱ እንዳለ ሆኖ ወንጀሉ ነው ወንጀል መሆኑ የቀረው። ላልሠራችው ጥፋት ምሕረት አደረጉላት፤ ምስጋናም ጠበቁ።

«ተራዬን መዝግቡ» አለች እናቴ።

ተራዋ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተስፋ አደረብኝ። አንድ በያጅ አነጋግሬ ነበር፣ በርሜልም አግኝቼ ነበር። እንጋግራለን፣ ጥጉን አጋልጠን ፊታቸው እናስቀምጣለን ብዬ ሌሊቱን ሳቅድ አደርኩ። ጠዋት ስነግራት መነጽሯን እየጠረገች አዳመጠችኝና «ተወው፣ ግዛ» አለችኝ።

«እማዬ!»

«ግዛ አልኩህ። ከዚያው ከታች።»

ተከራከርኳት፣ ጮህኩባትም፤ አሁን ያሳፍረኛል። እሷ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም። ገዛሁ። ካርቶኑን ጓዳ ከመጥረጊያው ጀርባ ደበቀችው፣ ዳቦውን በመሶብ ውስጥ አድርጋ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ መሀል አስቀመጠችው። ማኅበርተኞቹ መጡ፣ ቄሱም በሰዓቱ ደረሱ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ። አንድም ሰው አልገለበጠውም። አልማዝ በልታ ስትጨርስ አፏን ጠረግ አድርጋ፣ «እማማ የሺ፣ እንዲህ ያለ የቤት ዳቦ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ! እጅዎ ይባረክ» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት፦ «እጅዎ ይባረክ፣ እጅዎ ይባረክ።»

«አሜን» አለች እናቴ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራች፣ ፊቷ ሳይለወጥ፣ «አሜን፣ አሜን» አለች።

ሲወጡ በሩን ዘግታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በዚያ ሳቅ ውስጥ የሆነ ነገር ከላይዋ ሲወርድ አየሁ፤ እነሱ የሚፈርዱትም የሚመርቁትም ዳቦ ሳያውቁ መሆኑን ለራሷ አረጋግጣለች፣ ያ በቅቷታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያኔ ከአባባ ወልዴ ከሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ የቀረኝ፣ ጥሩ ነገር ከሰው አፍ ሲወጣ ስሰማ የሚነሣብኝ ጥርጣሬ ነው፤ የተማረ ሰው ጠባይ አይደለም ይሉኛል፣ ምን ላድርግ። እጇ ተባረከ፤ ባልነካችው ዳቦ። ያ በእጇ አቡክታ፣ ጭስ ታጥና ያወጣችው ዳቦ ግን አባቴ እንጂ አንድም ማኅበርተኛ አልቀመሰውም፣ የመረቀውም የለም። ይህን የጻፍኩት ያን ምርቃት ፍለጋ ነው፤ ነገሩን እናቴ ስቃ ብታልፈውም እኔ አላልፈውም።